በሪካምበንት ሳይክል ከደንገጎ እስከ ሐረር፣ በባቴ የውስጥ መንገድ (ቀስ ብሎ፣ ሙሉ ቀን)

የከዚራ_ጥላ
ሰላም የሀገር ልጆች እንዴት ናችሁ። ባለፈው ተንጋለህ የምትነዳውን ሳይክል ፎቶ ስለጥፍ ግማሹ ሰው "ይሄ ነገር እኛ ጋ አይሄድም፣ ለፈረንጅ ሜዳ ነው" ብሎኝ ነበር። እሁድ ይዤው ወጣሁና ቀኑን ሙሉ ስዞር ዋልኩ፣ እንደሚሄድ በደንብ አይቻለሁ፣ ረጅም ነው የምጽፈው ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ለማያውቀው ሰው፦ ሪካምበንት ኮርቻ የለውም፣ መደገፊያ ያለው ወንበር ነው ያለው፣ ጀርባህን ሙሉ ትደገፋለህ፣ ፔዳሉ ከፊት ጎማው በላይ ወደፊት ወጥቶ ነው ያለው፣ እግርህን ዘርግተህ ትገፋለህ። የኔው ባለ ሁለት ጎማ ነው፣ የፊቱ 20 ኢንች የኋላው 26፣ ወንበሩ የተወጠረ መረብ ነው ንፋስ ያስገባል (ለድሬ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው)። ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነድቶት ነድቶት ሲመጣ ለኔ ተወልኝ።

ከድሬ ፔዳል እየመታሁ አልተነሳሁም። ድሬ 1200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ደንገጎ ጫፍ ስትደርስ ከ2000 በላይ ሆነሃል፣ መንገዱ ተጣጥፎ ተጣጥፎ ነው የሚወጣው፣ በዚህ ሳይክል ደግሞ ዳገት ላይ ፔዳል ላይ ቆመህ በክብደትህ መርገጥ የሚባል ነገር የለም፣ ጀርባህ ወንበሩ ላይ ነው፣ ያለህ የእግርህ ጉልበትና ማርሽ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ የወጣሁት ለመዝናናት ነው። ሚኒባስ ጣራ ላይ አሰርነው፣ ረዳቱ ራሱ ከኔ በላይ ተጨንቆለት ከስር ካርቶን አነጠፈለት፣ ደንገጎ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወረድኩ። ብርዱን ተዉት አቦ፣ ድሬ ሌሊቱን ቬንትሌተር ከፍተህ ተኝተህ እዛ ስትወርድ ጥርስህ ይንቀጫቀጫል።

ከደንገጎ ወደ አዴሌ ያለው አስፋልት ወጣ ገባ ነው ግን የሚገድል ዳገት የለውም። ማሽላው ገሚሱ ታጭዷል፣ አገዳው በየማሳው ቆሞ ተከምሯል፣ ያልታጨደው ደግሞ ከኔ በላይ ነው፣ ዝቅ ብዬ ስለምቀመጥ ግራና ቀኝ ማሽላ ብቻ ከላይ ሰማይ ብቻ ሆኖ የምትሄድበት ቦታ አለ። በተራ ሳይክል ብዙ ጊዜ በዚሁ አልፌያለሁ፣ ያኔ የማየው የፊት ጎማዬንና አስፋልቱን ነበር፣ አንገትህ ተቀልብሶ እጅህ ደንዝዞ ነው የምትሄደው። እዚህ ላይ ጭንቅላትህ ቀና ብሎ የተደገፈ ነው፣ ሳትፈልግም አገር ታያለህ። እርከኑን፣ ድንጋዩን አንድ ባንድ የደረደሩትን፣ በእርከኑ ጠርዝ ላይ የተተከለውን ጫት፣ ጀርባው ላይ ጀሪካን የተጫነውን አህያ ሆድ ሳይቀር።

ሐረማያ ከተማን አልፌ ባቴ ጋ ስደርስ አስፋልቱን ተውኩት። ከዛ ወደ ውስጥ ወደ ሐይቁ በኩል የሚገቡ የገበሬ መንገዶች አሉ፣ አፈር ናቸው፣ አንዳንዱ ጋ አጥሩ ቁልቋል ነው አንዳንዱ ጋ የድንጋይ ካብ፣ አህያና ሞተር ሳይክል እንጂ መኪና እምብዛም አይገባም። እውነተኛው ሽርሽር እዚህ ነው የጀመረው። ፍጥነቴ ከሚሮጥ ልጅ አይበልጥም፣ የምሰማው ካቴናው በፕላስቲክ ቱቦው ውስጥ ሲንሸራተት ሽ ሽ ሽ የሚለውንና ከሐይቁ በኩል ውሃ የሚስቡትን ሞተሮች ነው። ሐይቁ ራሱ... እኔ ልጅ ሆኜ በዚህ ስናልፍ ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር፣ ሙሉ ሐይቅ ሜዳ ሆኖ። ለሐረር የሚሳበው ውሃ፣ ለመስኖ የሚሳበው፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው የጨረሰው። አሁን ውሃው ተመልሶ ወፎች ቆመውበት ሳይ ዝም ብዬ ሳይክሉን አቁሜ ወንበሩ ላይ እንደተንጋለልኩ ሳየው ቆየሁ፣ መውረድ እንኳን አያስፈልግም እኮ፣ ሁለት እግርህን መሬት ታደርግና በቃ ወንበር ነው።

ሰዉስ? ልጆቹ "ኩን ማሊ?" እያሉ ከኋላ ነበሩ፣ ግን የነካኝ ሌላ ነው። ትልልቆቹ ሰዎች ሲያዩኝ መጀመሪያ የሚሉት "እግርህን ምን ሆነህ ነው?" ነው። በእጅ የሚነዳውን ባለ ሦስት ጎማ ስለሚያውቁ እኔንም እንደዛ ነው ያሰቡኝ፣ አንዲት እናት ካሮት የያዘ ጆንያቸውን አስቀምጠው ዳገት ላይ ሊገፉኝ መጡ፣ ደህና ነኝ እናቴ ብዬ ተነስቼ ቆሜ እስካሳያቸው ድረስ አላመኑኝም፣ ሲያዩኝ ደግሞ ደስ ብሏቸው መረቁኝ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዱላቸውን ካቡ ላይ አስደግፈው መረቡን በመዳፋቸው ጫን ጫን አድርገው ፈተሹትና "ልቀመጥ?" አሉኝ። መሪውን ያዝኩላቸው፣ ተቀመጡ፣ በኮንጎ ጫማቸው ፔዳሉን ወደኋላ ቀስ አድርገው አዞሩት፣ ጭንቅላታቸውን ደገፍ አድርገው ሰማዩን አዩና "ይሄ አልጋ ነው፣ ሥራ አይደለም" አሉ። ጎረቤታቸውን ጠርተው እሳቸውም እንዲሞክሩ አደረጉ። አንድ ሰዓት ያህል እዛው ሄደ፣ ቁጢ ቀረበልኝ፣ የቡና ቅጠሉን በወተት አፍልተው በጨው።

ከዛ በኋላ ያለውን አሳጥራለሁ። አወዳይ ላይ ከሰዓት የጫት ገበያው ሰዓት ስለነበር ወርጄ እየገፋሁ ነው ያለፍኩት፣ እዛ ሰዓት አወዳይ መንዳት አይታሰብም። ከዛ በሐማሬሳ አድርጌ ሐረር ገባሁ፣ ያቺን ሰፊዋን ጎዳና ይዤ እስከ ሐረር በር፣ ጀጎል ውስጥ በፈረስ መጋላ በኩል ገባሁ ግን ጠባቦቹ መንገዶች ላይ ስለማይታጠፍ ገፋሁት። በሚኒባስ ወደ ቤት።

ጀርባዬን አላመመኝም፣ እጄ አልደነዘዘም፣ አንገቴ ምንም። ጭኔ ግን በማግስቱም ይናገር ነበር፣ በተራ ሳይክል የማትጠቀምበትን ጡንቻ ነው የሚያሠራህ። ጥያቄ ካላችሁ በሉ።

ሳቢያን_ልጅ
ይመችህ አቦ!! አነበብኩት አነበብኩት መጨረሻው ጋ እንዳይደርስ ፈራሁ። እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አይሱዙዎቹስ? ከአወዳይ ጫት ጭነው ሲወጡ በዛ መንገድ ላይ እንዴት እንደሚበሩ ታውቃለህ፣ አንተ ደግሞ መሬት ላይ ተኝተህ፣ ሹፌሩ ሊያይህ ነው? ወላሂ ሳስበው ሆዴ ይረበሻል

የከዚራ_ጥላ
@ሳቢያን_ልጅ ትክክል ጠየቅክ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ የኔ ወንበር በጣም ዝቅ ያለው ዓይነት አይደለም፣ ዓይኔ ቤት መኪና ከሚነዳ ሰው ዓይን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። መሬት ልሶ የሚሄድ ለውድድር የሚሆን አለ፣ እሱን እዚህ አገር አስፋልት ላይ ማንም እንዳያወጣው። ሁለተኛ ከወንበሩ ጀርባ ረጅም ቀጭን ዘንግ ላይ ብርቱካን ባንዲራ አለኝ ከሰው ቁመት በላይ፣ በሁለቱም በኩል መስታወት፣ ቀንም ቢሆን የኋላ መብራት ይበራል። መስታወቱ ግዴታ ነው ምክንያቱም ተደግፈህ ስለሆነ ዞረህ ወደኋላ ማየት ከባድ ነው። ሦስተኛ ሰዓቱ፦ ጫት ጫኞቹ የሚጣደፉበትን ሰዓት አስፋልት ላይ ላለመሆን ነው ጠዋት የወጣሁት፣ ከባቴ በኋላ ደግሞ የምችለውን ያህል በውስጥ መንገድ ነው የሄድኩት። ከኋላ ጥሩምባ ስሰማ አልከራከርም፣ ከአስፋልቱ ወጥቼ እቆማለሁ ያልፋል።

ፔዳል_በድሬ
እኔ ስለ ታሪኩ ትንሽ ልጨምር ምክንያቱም ሰው ይሄን ሳይክል አዲስ ፋሽን ይመስለዋል። በ1933 (በፈረንጅ) ፓሪስ ላይ ፍራንሲስ ፎር የሚባል ፈረንሳዊ፣ ሻርል ሞሼ በሠራው ተንጋላይ ሳይክል በአንድ ሰዓት 45.055 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከ1914 ጀምሮ ማንም ያልነካውን የኦስካር ኤግን 44.247 ሪከርድ ሰበረው። ፎር በዛን ጊዜ ከታላላቆቹ ተርታ የሚቆጠር እንኳን አልነበረም፣ ሌሎቹን በተራ ሳይክል የማያሸንፍ ሰው ነው። ከዛ ዓለም አቀፉ የሳይክል ማህበር ተሰብስቦ በ1934 የውድድር ሳይክል ምን መምሰል እንዳለበት ደንብ አወጣና ይሄኛውን ከውድድር አስወጣው። በቃ ከዛ በኋላ ፋብሪካዎቹ ተዉት፣ እስከ 70ዎቹ ድረስ ተረስቶ ቀረ። ውድድር ላይ ብታየው ኖሮ ዛሬ አሸዋ ገበያ ላይ ተደርድሮ ይሸጥ ነበር የሚል እምነት አለኝ። ሙሉ በሙሉ ተሸፍኖ እንደ ጥይት የተሠራው ደግሞ በ2016 አሜሪካ ኔቫዳ ላይ በሰው እግር ብቻ በሰዓት 144.17 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ምክንያቱ ንፋስ ነው፣ ሰውነትህ ወደኋላ ተንጋሎ ስለሚሄድ ንፋሱ የሚመታው ቦታ ያንሳል።

ሺኒሌ_መንገድ
ንፋስ ካልክ አይቀር @ፔዳል_በድሬ፣ ወደኛ በሺኒሌ በኩል ከሰዓት ፊት ለፊት የሚመጣውን ንፋስ በተራ ሳይክል ያየ ያውቀዋል። ለሜዳ ከሆነ የተሠራው ለምን ዳገት ድረስ ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ፣ ቆላው እዚሁ አለላችሁ

ሀያት_ነምበር_ዋን
ሰላም @የከዚራ_ጥላ፣ ጽሑፍህ ደስ ይላል፣ የእናትየዋ ነገር ዓይኔን እንባ ነው ያደረገው። ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ እኛ ሴቶች ድሬ ላይ በሽቲ (በሰፊው ስስ ቀሚስ) ነው የምንውለው፣ በዚህ ይነዳል ወይ? ሁለተኛው ዋናው ነው፣ አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ከቤት እስከ ዴፖ በሳይክል ነው የተመላለሰው፣ ከጡረታ በኋላም ከዚራን ሳይዞር አይውልም ነበር፣ አሁን ግን ወገቡ እና የእጁ አንጓ እያመመው ተወው። ሳይክሉ በረንዳ ላይ ነው ያለው፣ ጎማውን በየሳምንቱ ይነፋዋል ግን አይወጣበትም። ለሱ ይሆናል ብለህ ታስባለህ?

የከዚራ_ጥላ
ሀያት እህቴ፣ ሽቲ አይሆንም፣ እግርሽ ወደፊት ከፍ ብሎ ስለሚሄድ ንፋሱ ይገልጠዋል፣ ከስር ሰፋ ያለ ሱሪ አድርገሽ ከላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ነገር ካደረግሽ ግን ምንም ችግር የለውም። ጫፉ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ነው፣ የኔ ካቴና በቱቦ ስለሚያልፍ ልብስ አይነካም።

ስለ አባትሽ፦ ሐኪሙን ጠይቁ መጀመሪያ፣ ወገብ ብዙ ዓይነት ነው። እኔ የማውቀውን ልንገርሽ። በዚህ ሳይክል እጅሽ ላይ ምንም ክብደት አያርፍም፣ መሪውን መያዝ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አንጓ ለሚያመው ሰው እፎይታ ነው። ክብደቱ በሙሉ ጀርባና መቀመጫ ላይ ተበትኖ ያርፋል። ግን ለሳቸው ባለ ሁለት ጎማውን አልመክርም፣ ስትነሺ እና ስትቆሚ ሚዛኑን መልመድ ይጠይቃል፣ የመጀመሪያ ቀን ሁሉም ሰው ይንገዳገዳል ምክንያቱም እግርሽ ላይ ላይ ነው በሰውነትሽ ማስተካከል አትችይም። ባለ ሦስት ጎማው አለ፣ ሁለት ከፊት አንድ ከኋላ፣ ቆመሽም አይወድቅም፣ ዳገት ላይ የፈለግሽውን ያህል ቀስ ብትይ ችግር የለውም። ጉዳቱ አንዳንዱ በጣም ዝቅ ያለ ነው፣ ትልቅ ሰው ለመነሳት ይቸገራል፣ ወንበሩ ከፍ ያለውን ነው መፈለግ። ደግሞ ፔዳሉ የሚወጣበት ዘንግ ርቀቱ ይስተካከላል፣ እግር ሊዘረጋ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ መሆን አለበት፣ ካጠረ ጉልበት ይጎዳል።

አባባ ጎማውን በየሳምንቱ የሚነፉት ነገር ልቤን ነካው።

የብየዳው_ቤት
ጥሩ ወግ ነው። እኔ ሥራዬ ብየዳ ነው፣ በርና መስኮት ነው የምሠራው ግን እጄ ሁሌም ሌላ ነገር ይፈልጋል። ፎቶህን አጉልቼ አጉልቼ አየሁት። ከሁለት አሮጌ ሳይክል ይወጣል ወይስ አይወጣም? እውነቱን ንገረኝ ካቴናው ነው ያስፈራኝ፣ ያን ሁሉ ርዝመት ከየት አገኛለሁ፣ ፊት ጎማው የልጆች ነው ልበል?

የከዚራ_ጥላ
@የብየዳው_ቤት ይወጣል! ውጭ አገር ብዙ ሰው ቤቱ ውስጥ በያጅነት ነው የጀመረው። ያየኸው ልክ ነው፣ ፊት ያለው 20 ኢንቹ የቢኤምኤክስ ልክ ነው፣ 406 የሚባለው፣ ጎማውም ከመነዳሪውም የልጆች ሳይክል ከሚሸጡበት ይገኛል፣ የኋላው የማውንቴን 26 ነው እሱማ ሞልቷል። ካቴናውን አትፍራ፣ ሁለት ተኩልም ሦስትም ተራ ካቴና ነው የሚቀጠለው፣ የተለየ ነገር የለውም፣ አንድ ዓይነት መሆናቸውን ብቻ አረጋግጥ፣ አዲስና አሮጌ አትቀላቅል ማርሹን ይበላዋል።

ዋናው ቁም ነገር መሃል ላይ ያለችው ትንሿ የካቴና ማለፊያ ጎማ ናት። ካቴናው ከፊት ወደኋላ ሲሄድ ወንበሩ ስር ታጥፎ ነው የሚያልፈው፣ ጉልበት የሚሸከመው የላይኛው መስመር ነው፣ ስለዚህ እሷ ላይ ጥሩ ኩሽኔታ አስገባባት፣ ቀጥ ብላ ትቁም፣ እዛ ላይ ከተዛባ ዳገት ላይ ሁሉ ነገር ይጮሃል። አካሉን ከቱቦላሬ ብትሠራው ይከብዳል ግን ለመጀመሪያ ምንም አይደለም። ወንበሩን በጣም አታስተኛው፣ ቀና ያለ ይሁን፣ የተኛው ለለመደ ሰው ነው። እግር ፔዳል ላይ እንዳያንሸራትት ማሰሪያ ቀበቶ ይኑረው፣ እየሄድክ እግርህ ቢወድቅና መሬት ቢይዘው ወንበሩ ስር ይገባል፣ አጥንት ይሰብራል፣ ይሄን ቀላል አታርገው።

የብየዳው_ቤት
በቃ ገባኝ። አንድ የተጣለ 26 አለኝ፣ የፊት ፎርኬላ የታጠፈበት፣ ያ ለኋላው ይሆናል። የልጆቹን ደግሞ አፈላልጋለሁ

ጀጎል_ማታ
@የከዚራ_ጥላ ሐረር መጥተህ ሳትነግረን ትመለሳለህ? ሆጃ እናጠጣህ ነበር እኮ። በነገራችን ላይ ጀጎል ውስጥ መግፋትህ ጥሩ አድርገሃል፣ ከ300 በላይ ጠባብ መንገድ ነው የሚባለው፣ እዛ ውስጥ አህያ ከመጣ አንዱ ነው ወደኋላ የሚመለሰው። ለቀጣይ ግን ከሐረር ወደ ፈዲስ በኩል ወይም በባቢሌ በኩል አስብበት፣ ወደ ኤረር ሸለቆ ስትወርድ ማንጎና ፓፓያው ለብቻው ነው፣ ባቢሌ ስትደርስ ለውዝ እየቆላ የሚሸጥልህ አለ፣ ከባቢሌ አለፍ ስትል ዳካታ ላይ ድንጋዩ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ የቆመውን ታያለህ፣ ተንጋለህ ለማየት እሱን የሚያክል ነገር የለም

የከዚራ_ጥላ
ጀጎል_ማታ ወንድሜ በሚቀጥለው ቤትህ ነኝ። ዳካታን ተንጋሎ ማየት... አሁን ራሴ ውስጥ አስገባህብኝ። ኤረር ሸለቆ መውረዱ ቀላል ነው፣ መውጣቱን ግን በመኪና ነው የማደርገው።

ባለ_ሦስት_ጎማ
ሰላም ለሁላችሁ። ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። እኔ በእጅ የሚነዳውን ነው የምነዳው፣ በልጅነቴ ፖሊዮ ነው። ስለ እናትየዋ ያወራኸው ላይ ነው መናገር የፈለግኩት። አንተን ሊገፉህ ሲመጡ የተሰማህን ጽፈሃል፣ እኔ በየቀኑ ነው ሰው የሚገፋኝ፣ አንዳንዱ ሳይጠይቀኝ ይገፋኛል፣ መልካም ልብ ነው አውቃለሁ፣ ግን እጄ ፔዳል ላይ እያለ ከኋላ ሲገፋ ፔዳሉ ራሱ እየዞረ ጣቴን ይመታኛል። ጠይቃችሁ ግፉ ለማለት ያህል።

ሌላው ግን ደስ ያለኝ ነገር፣ እኔም ሽርሽር ብዬ ወጥቼ አላውቅም። ሥራ፣ ገበያ፣ ሳቢያን ደርሶ መመለስ ነው። ለመዝናናት ብሎ ሰው በዚህ ከተማ ወጥቶ ገጠር መንገድ ላይ መዋል ይችላል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። ሜዳ ከሆነ እኔ እችላለሁ፣ ክንዴ ከናንተ እግር አያንስም። ደንገጎን ግን ተዉልኝ።

ሀያት_ነምበር_ዋን
@ባለ_ሦስት_ጎማ ስለ ጣትህ የተናገርከው ነገር፣ እኔም ገፍቼ አውቃለሁ ሰው፣ ከዛሬ ጀምሮ እጠይቃለሁ 🙏🏾 ወንድሜ አንተ ከወጣህ አባቴንም አወጣዋለሁ፣ በመኪና ይከተለን ባይሆን

ሺኒሌ_መንገድ
ታዲያ ነገርኳችሁ እኮ ቆላው እዚሁ አለ! መልካ ጀብዱ በኩል እንውጣ። ከከተማ ወጥተህ ወደ ምዕራብ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ከአስፋልቱ ወደ ጎን ስትገባ የአትክልት ቦታዎቹ መሃል የሚሄዱ የአፈር መንገዶች አሉ፣ ሎሚ ብርቱካን ማንጎ፣ ጥላ አለው። እኔ በሞተር እዛ ዘመድ ጋ እመላለሳለሁ፣ አሸዋ የበዛበትን ቦታ አውቀዋለሁ በዛ አንሄድም፣ ደረቅ ወንዝ የሚያቋርጥበት ጋ ደግሞ ሦስት ጎማ ይሰምጣል፣ ሌላ መተላለፊያ አለ አሳያችኋለሁ።

ሳቢያን_ልጅ
እኔም አለሁ፣ በተራ ሳይክል። የግራር እሾህ ግን እንዳትረሱ!! እዛ ጎማ በእሾህ ነው የሚያልቀው

የከዚራ_ጥላ
እሾሁ እውነት ነው። የኔው ጎማ ውስጥ ከከመነዳሪው ውጪ ወፈር ያለ ንጣፍ አለው፣ ከአሮጌ የሞተር ሳይክል ከመነዳሪ ሰንጥቆ ማስገባትም ይቻላል፣ ጠርዙን በደንብ አለስልሱት አለበለዚያ ራሱ ንጣፉ ይበሳዋል። @ባለ_ሦስት_ጎማ ያንተ ጎማ ስንት ኢንች ነው? መለዋወጫ ከመነዳሪ እኔ እይዛለሁ።

እንግዲህ እንዲህ እናድርገው። የሚቀጥለው እሁድ፣ ከለገሃር ፊት ለፊት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መነሳት። ከ3 ሰዓት ተኩል በኋላ ቆላው ላይ ፀሐዩ አይቻልም፣ ተንጋለህ ስትሄድ ደግሞ ፀሐይ ፊትህ ላይ ቀጥ ብሎ ነው የሚያርፈው፣ ሰፊ ኮፍያ እና መነጽር የግድ ነው ለኔ፣ እናንተም አምጡ። ውሃ በሰው ከ3 ሊትር አታሳንሱ። ፍጥነቱን የሚወስነው ባለ ሦስት ጎማ ነው፣ እሱ ከፊት እኛ ከኋላ፣ እኔ ባንዲራዬን ይዤ መጨረሻ ላይ እሆናለሁ መኪና እንዲያየን። ጥላ ባገኘንበት እንቆማለን፣ እዛው ቁርስ። ፉልና ፈቲራ ከከተማ ይዘን እንውጣ ወይስ እዛው ይገኛል @ሺኒሌ_መንገድ?

ሺኒሌ_መንገድ
ፉሉን ከከተማ ያዙ፣ ሻዩን መልካ ጀብዱ። የዘመዶቼ ግቢ ውስጥ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ፣ ምንጣፍ እንዲያነጥፉልን እነግራቸዋለሁ

ባለ_ሦስት_ጎማ
የኔ ሦስቱም 26 ነው። የፊቱ ካቴና ትንሽ ላልቷል፣ ቅዳሜ አሠራዋለሁ።

የብየዳው_ቤት
ቅዳሜ እኔ ጋ ና ወንድሜ፣ ታይዋን ጀርባ ነኝ፣ በውስጥ መስመር አድራሻውን እልክልሃለሁ፣ ገንዘብ አልቀበልህም። የኔው ሪካምበንት እስከዛ አይደርስም ግን በዛች የታጠፈች ፎርኬላ ላይ ማታ ማታ ጀምሬያለሁ

ሀያት_ነምበር_ዋን
አባቴን ነገርኩት። "በመኪና አልከተልም፣ መልካ ጀብዱ ድረስ በሳይክሌ ልሞክር፣ ካቃተኝ እናንተ ጫኑኝ" አለ። @የከዚራ_ጥላ እዛ ስንደርስ ያንተ ወንበር ላይ ልቀመጥበት ብሏል፣ ወንበሩ ወደሱ ቁመት ይስተካከላል ወይ? ረጅም ነው።

የከዚራ_ጥላ
ይስተካከላል፣ የአለን ቁልፉን (ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻውን) እይዛለሁ፣ ሁለት ቡሎን ፈታ አድርጎ ዘንጉን ማውጣት ነው፣ ካቴናው ትርፍ ስላለው ይበቃል። ለአባባ ሰላም በይልኝ፣ እኔ ጎን ለጎን እይዝላቸዋለሁ።